መንገድ ላይ የወጣ ጥላ

ማንኛውም ሕንፃ ከግድግዳው ውጭ ጥላ እንዳይጥል ከተደነገገ ሃያ ዓመት አለፈ፤ ጥላ ሰው ይሰበስባል፣ ደጅ የዋለውን ሁሉ ደግሞ ሐሩሩ ይፈጀዋል ተብሎ። ከዚያ ወዲህ በአፋር በረሃ ጎረቤት ከጎረቤቱ ቀን ቀን አይተያይም። በወይዘሮ ዓሻ ቤት የእንግዳው ሰሌን እንደተጠቀለለ አርጅቷል።

ልጃቸው መይረም የነደፈችው ጤና ጣቢያ ግን በረንዳው ጥላውን እስከ መንገዱ ዘርግቶታል።

"ይፍረስ!" አለ ተቆጣጣሪው ሁመድ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ላቡን እየጠረገ። "አለዚያ የሙያ ፈቃድሽ ይነጠቃል።"

"ፈቃዴን ውሰደው። በሽተኛ ከመርፌው በፊት 'እንዴት ከረምህ?' የሚለው ሰው ይሻል፤ በረንዳዬን አልነካም።"

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ዓሻ ሰሌኑን ታቅፈው መጡና ጥላው ላይ ዘረጉት።

"ዳጉ፣ የመንገደኛ ወሬ፣ ቆመው አይነግሩም፣ ልጄ። ከየት መጣህ? ማንን አየህ? ዝናብስ ጣለ?"

ሁመድ የአፋር ልጅ ነውና፣ ወሬ የጠየቀውን አልፎ መሄድ አልሆነለትም። ሰሌኑ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለ።

"ዝናብ የለም። ነገ አፍራሾች ይዤ እመጣለሁ።"

"ስንት ናቸው?"

"ስምንት።"

ወይዘሮ ዓሻ ጥላውን በዓይናቸው ለኩት።

"መይረም፣ ይህ አይበቃቸውም። በረንዳው ላይ ሁለት ክንድ ጨምሪበት።"