የሻምበሉ ካፖርት

ከሁለቱ አንዱ ባቡር ጣቢያው ውስጥ፣ ከድንጋይ ከሰል ክምር ሥር ተረሸነ። የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ወደ ሆላንድ በሸሹበት ሳምንት ነበር።

ሻምበል ኤጎን ፎን ታዴን በልጅነቱ ካዴት ሆነ፤ ቤልጅየምን ሲረግጥ መቶ አለቃ፣ ከቨርደን ሲመለስ ሻምበል ነበር። አሁን የሚፈልገው ኮልበርግ፣ እናቱ ቤት፣ በሕይወት መግባት ብቻ ነው።

አሽከሩ ቬንትስኬ አብሮት ነበር። ጫማ ይጠርጋል፣ ሾርባ ያሞቃል፣ ከወታደሩ የሰማውን ሁሉ ለጌታው ያደርሳል። ታማኝ ሰው ነበር።

ሻምበሉ እንቅልፍ አጥቷል። በባቡሩ መስኮት ሁለት ፊት ይታየዋል። ፍላንደርስ ላይ “ወደ ምሽግ አንመለስም” ብለው አድመዋል ተብለው የተረሸኑ ወታደሮች ናቸው። “ተኩስ!” ያለው እሱ ነው።

“ዛሬም አሉ፣ ጌታዬ?”

“አሉ። የሚገርመው እኔን አያዩም። በትከሻዬ አልፈው ነው የሚያዩት።”

ከጀርባው ጫማ ይጠርግ የነበረው ቬንትስኬ ብሩሹን አቆመ።

ረፋዱ ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪው መጣ። “የሚቀጥለው ጣቢያ ባመፁት ወታደሮች ምክር ቤት እጅ ነው” አለ። “የእናንተው ክፍለ ጦር ልጆች ናቸው። ስለ ፍላንደርስ ይጠይቃሉ።”

ሻምበሉ ገረጣ።

“ከሌላ ሻለቃ ናቸው፤ መልካችንን አያውቁም” አለ ቬንትስኬ። “ካፖርትዎን ይስጡኝ፣ የኔን ይልበሱ። መታወቂያውንም።”

“ይገድሉሃል እኮ!”

“እኔን የምትጠብቅ እናት የለችኝም።”

ሻምበሉ የአሽከሩን ትከሻ ጨበጠ። እምቢ ግን አላለም። ቬንትስኬ የጌታውን እጅ በጫማ ቀለም አጠቆረው፤ “የመኮንን እጅ ያሳብቃል” አለ። የጌታውን ጓንት ራሱ አጠለቀ።

ቀይ ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ያሰሩ ወታደሮች ገቡ። ከፊት ያለው የአስር አለቃ ነበር።

“አቤት፣ አቤት! ጌቶች በአንደኛ ማዕረግ! ሻምፓኙ አለቀ እንዴ?” የቬንትስኬን የትከሻ ማዕረግ ቦጭቆ መሬት ጣለው። “የፍላንደርሱ ፎን ታዴን አንተ ነህ?”

“ነኝ።”

ሻምበሉ ዓይኑን ጨፈነ።

“አንተማ ታዝዘህ ነው” አለው የአስር አለቃው ቬንትስኬን። “ ያዘዘህም ሸሽቷል። እናትህ ጋ ግባ።” ከዚያ ወደ ሻምበሉ ዞረ። “የተረሸኑትን ልጆች ለጌታው የሸጠው አሽከር አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ ሻምበሉ! ፎን ታዴን እኔ ነኝ!”

ወታደሮቹ በሳቅ ፈነዱ። በዚያ ሳምንት ሳይጠየቅ መኮንን ነኝ ያለ ሰው አልገጠማቸውም ነበር።

የአስር አለቃው የሻምበሉን እጅ ገልብጦ አየው። “በዚህ እጅ?”

ባቡሩ ሲነሳ ቬንትስኬ ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ጓንቱን አላወለቀም። በክፍሉ ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነበር።