ወራጅ አለ የሚለው ስፒከር

ብዋሽ ምላሴ ይቆረጥ፤ ሚኒባሴ ቡራዩ ኬላ በደረሰች ቁጥር ከኋላ ስፒከሯ የሴት ድምፅ «ወራጅ አለ!» ይላል። እቆማለሁ፤ የሚወርድ የለም። ተሳፋሪው ሰድቦኝ ሌላ ታክሲ ይይዛል። ኤሌክትሪሺያኑ ኦቦ ጎበና መኪናዋ ከፋብሪካ ይዛቸው የመጣችውን ስፒከሮች አውጥተው አዲስ ገጠሙልኝ። ያው ነው!

ዛሬ በገንኩና «አዲሶቹንም ይንቀሉልኝ» አልኳቸው።

«ጆሮህን ብነቅልልህ ይሻልሃል» እያሉ ነቀሉ።

ስፒከሮቹን ጋቢና አጠገቤ አስቀምጬ፣ ሰው ሳልጭን ነዳሁ። ኬላ ስደርስ ከኋላ፣ «ወራጅ አለ!»

«ውረጂልኛ እንግዲህ!» ብዬ ጮኼ ቆምኩ።

በሩ ተንሸራቶ ተከፈተ። የመኪናዋ ኋላ ትንሽ ከፍ አለ። ከዚያ በሩ የትኛውም ተሳፋሪ ዘግቶት በማያውቅ ቀስታ ተዘጋ።

«ተመስገን» አልኩና ማርሽ አስገባሁ።

«እኔ ሆለታ ወራጅ ነኝ» አለ ከኋላ ወንበር የሽማግሌ ድምፅ።