ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ

በሕንጻችን መግቢያ በር ላይ የተለጠፈው ሟች እኔ ነኝ። ፎቶው የኔ፣ ስሙ የኔ፣ ዙሪያው ጥቁር መስመር። ዳቦዬን እንደታቀፍኩ ክው ብዬ ቆሜያለሁ።

ጎረቤቶቼ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያነባሉ። «‹ቁጣ ያልነካው፣ በሰው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ አባትና ጎረቤት›» ይላል ዴልቾ፣ የሦስተኛ ፎቁ። «ኧረ በናታችሁ! ይሄ ሌላ ኦግኒያን ነው። የኛው ኦግኒያንማ ሲያስነጥስ እንኳ የፔርኒክ ከተማ በሙሉ ትነቃለች!»

«ሙት ወቃሽ አትሁን» ትለዋለች ሳብካ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

ነገሩ ወዲያው ይገባኛል። ጦሱ የመጽሐፉ ነው። ልጄ ራሊትሳ «አፍህን እስክትገራ አባቴ አይደለህም» ብላኝ ከሄደች ወዲህ፣ ራስን ስለ መግዛት የተጻፈ መጽሐፍ አያመልጠኝም፤ መደርደሪያው ሞልቶ አልጋ ሥር ገብተዋል። የመጨረሻው «ስትሞት ምን እንዲባልልህ ትፈልጋለህ? ጻፈው፤ ራስጌህ ስቀለው፤ እንደ ቃሉ ኑር» ይላል። ጻፍኩ። እኛ ዘንድ ግን የሞት ማስታወቂያ ፎቶና ጥቁር መስመር ከሌለው ምኑን ማስታወቂያ ሆነ? ማተሚያ ቤት ወሰድኩት። የሰጠሁት ፎቶ የጎልማሳነቴ ስለሆነ ሴትዮዋ የሟች ወንድም መስያት ነው መሰለኝ፣ እጄን ጭብጥ አድርጋ፣ አድራሻ ተቀብላኝ «የቀረውን ለኛ ይተዉት» አለችኝ። እንዴት ያለች ደግ ሴት ናት ብዬ ወጣሁ። ለካ እነሱ አትመው ብቻ አይሰጡም፤ ሄደው የሟቹ በር ላይ ይለጥፋሉም።

«ማነው የሞተው?» እላለሁ፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

ሳብካ ዞር ብላ ታየኝና እሪታዋን ታቀልጠዋለች። ዴልቾ ያማትባል። «አንተ! አልሞትክም እንዴ?»

«ቅር አለህ?»

ቁጣዬ ከሆዴ ሽቅብ ሲወጣ ይሰማኛል። መጽሐፉ እንዳዘዘው በአፍንጫዬ አየር ስቤ ቀስ ብዬ አስወጣለሁ። እውነቴን ነው፣ ይሠራል።

«ኦግኒያን» ትላለች ሳብካ። «ለራሊትሳ ደውዬላታለሁ።»

«ምን አለች?»

«‹እርግጠኛ ነሽ?› ብቻ። ደግማ ደጋግማ።»

«እያለቀሰች?»

ሳብካ መሬት መሬቱን ታያለች። «እንጃ። መለየት አልቻልኩም።»

እኔም ሌላ መጠየቅ እፈራለሁ። በዚያው ቅጽበት የራሊትሳ መኪና ከሶፊያ መንገድ ታጥፋ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ግማሽ ወጥታ ትቆማለች። ራሊትሳ ትወርዳለች። ጥቁር ሻርፕ አስራለች። ስታየኝ ፊቷ እንደ ኖራ ይነጣል፤ የመኪናውን በር ይዛ ትደገፋለች።

«ልጄ፣ መልመጃ ነው... ከመጽሐፍ ነው... ለራሴ ብዬ ነው የጻፍኩት፣ የማተሚያ ቤቷ ሴትዮ...»

አትሰማኝም። ወደ በሩ ሄዳ ወረቀቱን ታነባለች፤ አንብባ ስትጨርስ እንደገና ትጀምራለች።

«ይሄን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ያኔ ትጮሃለች። «ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ?! የእማዬን የልደት ኬክ ግድግዳ ላይ የፈጠፈጠው ማነው? ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ ሰፈር የሚሰበስበው ማነው? መንገዱን ሁሉ አንተን ስቀብር ነው የመጣሁት! መንገዱን ሁሉ ይቅር ስልህ! አሁን ምን ላድርገው? ንገረኛ! ምን ላድርገው?»

ከላይ መስኮቶች ይከፈታሉ። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ቃሉ መጨረሻ ላይ መሰበሩን፣ እጇ አየሩን መቁረጡን፣ ሰው እስኪመልስ አለመጠበቋን፤ ሁሉንም አውቀዋለሁ። የኔ ነው። አተነፋፈሱ፣ መልመጃው፣ ያነበብኩት ሁሉ ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ይጠፋል።

ኔዳ፣ የራሊትሳ እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ እኔ ስጮህ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰብስባ ትቆም ነበር። «ምን ያኮራምትሻል?» እያልኩ በዚያም እቆጣት ነበር።

አሁን የኔ ትከሻ ጆሮዬ ደርሷል። ላወርደው እሞክራለሁ፤ አልወርድ ይለኛል።