አባቴና ተቀባዮቼ

«ሌባ! ኧረ ያዙልኝ!»

አባቴ በአንድ እጁ ሻንጣዬን ጨብጦ በሌላው ከዘራውን ያወዛውዛል። ሻንጣውን ከወዲያ በኩል የሚጎትተው ልጅ ግን ሌባ አይመስልም፤ እየሳቀ ነው። እንደሱ ሰማያዊ ቲሸርት የለበሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አውቶቡሱን ከበው «ፍሬሽ! እንኳን ደህና መጣችሁ!» እያሉ የወረደውን ሁሉ ዕቃ ይሻማሉ። ከቴፒ መናኸሪያ ሰው ፊት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

«ሌባ አይደለም አባባ፤ አለሙ ነው፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ» ትላለች ሂጃብ የለበሰች ልጅ መሃል ገብታ። «ነባሩ የአዲሱን ዕቃ ይሸከማል። የግቢያችን ወግ ነው። እኔ ሱሀይላ እባላለሁ፤ ልጅዎን እስከ ዶርሟ አደርሳታለሁ።»

አባቴ ከዘራውን ያወርዳል። ሻንጣውን ግን አይለቅም።

ነገሩ የሻንጣ አይደለም። ከሞጣ ተነስተን አዲስ አበባ አድረን፣ ጅማ አድረን ነው የመጣነው። ከጅማ ወዲህ ደኑ በጠቆረ ቁጥር የአባቴም ፊት አብሮ ጠቁሯል። ሚዛን ስንደርስ «ደረስን?» ብሎ ረዳቱን ጠየቀው። «ገና ነን» ተባለ። አሁን መናኸሪያው መሃል ዝናብ እየወረደበት ወደ እኔ ይዞራል።

«ትዕግሥት፣ ነገ በዚሁ አውቶቡስ እንመለሳለን። ለከርሞ ቅርብ ቦታ ይደርስሽ ይሆናል።»

ለከርሞ የሚባል ነገር የለም። ከተመለስኩ ትምህርቴ እዚህ ላይ አበቃ፤ እሱም ያውቀዋል። አባቴን በሰው ፊት መከራከር ግን አልችልበትም።

የምትከራከርልኝ ሱሀይላ ናት። «ምን አሳሰበዎት አባባ?»

«ብትታመምስ? ማን አላት? እናቷ ሰምታ እስክትደርስ...»

«አምና ወባ ጥሎኝ ነበር» ትላለች ሱሀይላ። «ራሴን አላውቅም። አዝላ ክሊኒክ ያደረሰችኝ ሎሚ የምትባል የዶርሜ ልጅ ናት፤ የዚሁ አካባቢ፣ የሸዋ ቤንች ልጅ። እስክድንም እየተፈራረቁ በማንኪያ ያበሉኝ የዶርሜ ልጆች ናቸው። እናቴ የሰማችው ከተሻለኝ በኋላ ነው።»

«አባትሽስ?»

«አባቴ በልጅነቴ ነው የሞተው። ከወራቤ ብቻዬን ነው የመጣሁት።»

አባቴ ትኩር ብሎ ያያታል። ረዳቱ ከጣሪያው ላይ የመጨረሻዎቹን ዕቃዎች እያወረደ ይሳደባል። እኔ የአባቴን ፊት እያየሁ እጠብቃለሁ።

«ነይ ወዲህ» ይለኛል አባቴ፣ ሻንጣውን ለቆ።

ጎንበስ እላለሁ። መዳፉ ራሴ ላይ ያርፋል። አባቴ የሚመርቀው የሚሸኘውን ሰው ነው፤ ስለዚህ ገና አፉን ሳይከፍት እዚህ እንደምቀር ይገባኛል።

«እደጊ ልጄ። ከክፉ ይሰውርሽ። ደግ ደጉን ያሰማኝ» ይላል።

«አሜን፣ አሜን።» የዛሬውን ያህል ወድጄው አላውቅም።

ቀና ስል ሱሀይላ ከጎኔ ጎንበስ ብላለች። ማንም አልጠራትም። አባቴ ትንሽ ግራ ይጋባል፤ ከዚያ እጁን ኮቱ ላይ ጠርጎ የረጠበ ሂጃቧ ላይ ያሳርፈዋል።

«አንቺንም፣ ልጄ» ይላል፤ የእኔን ምርቃት ከመጀመሪያው ይደግምላታል። «አሜን» ትላለች ቀስ ብላ።

ምርቃቱ አልቋል። ሱሀይላ ግን ቀና አትልም፤ አባቴም እጁን አያነሳም።