የሬዲዮው ጀርባ

ካድሬው ጓድ ዓምደሚካኤል መዳፉን ከሬዲዮው ጀርባ አሳርፎ ቆየ፤ የታመመ ልጅ ግንባር የሚዳስስ ይመስላል።

«ትኩስ ነው» አለ።

መርፌው አዲስ አበባ ላይ ነው። አሰፋች የጂፑን ድምፅ እንደሰማች ሬዲዮውን ዘግታ መርፌውን መልሳዋለች። ሦስት ወር ሙሉ በምሳ ሰዓት የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ መርፌውን ትመልሳለች፣ ድምፁን ትቀንሳለች፣ የጠረጴዛውን ልብስ ታስተካክላለች። አሮጌ የአምፖል ሬዲዮ ቶሎ እንደማይበርድ ግን አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም።

«የአዲስ አበባው ጣቢያ እስከ አሥር ሰዓት ዝግ ነው» አለ ካድሬው። «ለውይይት ክበብ የተሰጠ የመንግሥት ንብረት ታዲያ ማንን ሲያዳምጥ ሞቀ?»

በነቀምቴው የቡና መጋዘን ቢሮ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ታይፒስቷ አሰፋችና ዘበኛው ኦቦ ታፋ። የቢሮው ቁልፍ የሚያድረው ታፋ ዘንድ ነው። ካድሬው ከዚህ ወዲያ ምርመራ አላስፈለገውም፤ ሽጉጡን አዙሮ በእጀታው የታፋን አፍ መታ። ሽማግሌው ወለሉ ላይ ሲዘረር ከካድሬው ጋር የመጡት ሁለት ታጣቂዎች በጫማ ተቀባበሉት። የጎድን አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር አሰፋች ሰማች።

ልትናገር አፏን ከፈተች። ታፋ ከወለሉ ላይ ሆኖ በዓይኑ ተዪ አላት።

በየቀኑ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅላት እሱ ነው። «አዴ አሰፋች፣ ዛሬስ ስሙ ተጠራ?» ይላታል ስትወጣ። ልጇ እግሩን በጥይት ተመትቶ ወደ ሱዳን ከተሻገረ ወዲህ ይሙት ይኑር አታውቅም። በምሳ ሰዓት ተደብቃ የምታዳምጠው የውጭ ጣቢያ የስደተኞችን ሰላምታ ያነብባል፤ እዚህ የቀረ ዘመድ እንዳይጠቃ በቤት ስም ብቻ። ልጇ መዝገብ ላይ በሌላ ስም ነው። እሷ ጉልላት እንደምትለው ከታፋ በቀር የሚያውቅ የለም።

«እስቲ አብረን እንስማው» አለ ካድሬው፤ ሬዲዮውን ከፍቶ መርፌውን ቀስ እያለ ነዳው። ጩኸት፣ ዐረብኛ፣ እንደገና ጩኸት። ከዚያ አንዲት ሴት በአማርኛ ስም ታነብባለች።

ዱላው አልቆመም። ስሞቹ በታፋ ማቃሰት መሐል ያልፋሉ። እግዜር ይቅር ይበላትና፣ አሰፋች ሰውዬው ማቃሰቱን ቢያቆም ብላ ተመኘች፤ ስሞቹን ልትሰማ።

«...ጉልላት፣ ከገዳሪፍ። ደህና ገብቻለሁ፤ እግሬ ድኗል፤ አታልቅሱ።»

ከጉሮሮዋ ድምፅ አመለጣት። ታጣቂዎቹ ቆሙ። ካድሬው ዞር አለ፤ ሽጉጡ አሁን በደንቡ ተይዟል።

«ማን ነው ጉልላት?» ወደ እሷ መጣ። «የማን ነው?»

«ኢልማ ኮ» የሚል ድምፅ ከወለሉ መጣ።

«በአማርኛ ተናገር።»

«ልጄ ነው» አለ ታፋ። ደምና ጥርስ ተፋና ሳቀ። «ሰማችሁ አይደል፣ እግሩ ድኗል። ሬዲዮውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እሷ ምን ታውቃለች፤ ምሳዋን በልታ አሁን መግባቷ ነው።»

ታፋ ወልዶ አያውቅም። መላው ነቀምቴ ይህን ያውቃል፤ ካድሬው ግን ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነው።

ጎትተው አወጡት። አንድ እግር ጫማው ደፉ ላይ ቀረ። አሰፋች ተከትላ ልትወጣ ፈለገች፤ ግን ወንበሯን ስባ ከጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀመጠች።

ካድሬው ሲጋራ ለኮሰና «ጻፊ» አላት።

ወረቀት አስገባች። የቃል መቀበያውን ርዕስ፣ ቀኑን፣ የተከሳሹን ስም መታች። ከቡና ማስጫው ወዲያ ጥይት ጮኸ፤ ቆየት ብሎ ሌላ። ካድሬው ማዘዙን አላቋረጠም።

«የልጁ ስም፣ ከነአባቱ» አለ።

አሰፋች እጇን ጨበጥ ዘርጋ አደረገች። ከዚያም አንዲት ፊደል ሳትስት መታችው፦ ጉልላት ታፋ።