መዝገብ ላይ የሰፈረው ጠመንጃ

ሃርላን ቦግስ የአደን ጠመንጃውን ለመሸጥ ማስታወቂያ ባወጣ በሦስተኛው ቀን ገዢ ተገኘች። ገና ሲያያት አላማረችውም። አንገቷ ላይ እባብ ተነቅሳለች፤ ጥፍሯን ትበላለች፤ በየደቂቃው በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ስሟ ኬልሲ ነው።

በኮሎራዶ ሰው ለሰው ጠመንጃ ሲሸጥ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ነው፤ ነጋዴው ለፖሊስ ደውሎ የገዢውን ስም ያጣራል። ስለዚህ የተገናኙት ቨርና ሱቅ ነበር። ቨርና ሰባ ዓመቷ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሱፍ ትቆረጥማለች። ድሮ አንድ ፊቱ ደስ ያላት ሰው ከሷ በገዛው ጠመንጃ ወንድሙን አቁስሏል። ከዚያ ወዲህ መልክ አታምንም።

«አጥብቀሽ አጣሪልኝ» አላት ሃርላን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በኔ ጠመንጃ ሰው ሞተ ሲባል መስማት አልፈልግም።»

«አንተስ ለምን ትሸጠዋለህ?»

«ረዘመብኝ። አጠር ያለ ነገር ልገዛበት ነው።»

ኬልሲ ጠመንጃውን እንኳ አልነካችም። «መጀመሪያ መዝገብሽ ላይ ይስፈር» አለች።

«ምን አስቸኮለሽ?»

«ከሰፈረ በኋላ ሳይጣራ ከዚህ አይወጣም አይደል? ለማንም?»

«ለእናቴም ቢሆን አይወጣም!»

ቨርና የጠመንጃውን ቁጥር መዝገቡ ላይ ጻፈች። ሃርላን ጠቀሳት፤ «አላልኩሽም? ፈርታለች» ማለቱ ነው። ቨርና ግን ቅጹን አውጥታ መጠየቅ ጀመረች።

«ወደ ሰው እንዳትቀርቢ የሚል የፍርድ ቤት እገዳ አለብሽ?»

«የለብኝም።»

ሃርላን ጎንበስ ብሎ የቨርናን ውሻ ማሻሸት ያዘ። «ኧረ ቶሎ በሉ እባካችሁ! እሑድ ሚስቴን ላመጣት ነው፤ አኩርፋ ልጇ ጋ ገብታለች፤ እኔ ደግሞ ከልጇ ጋር በመልክም በስምም አንተዋወቅም። ፀጉሬን እንኳ አልተቆረጥኩም።»

ቨርና ደወለች። ጠበቀች። የሱፍ ገለባ ተፋች።

«አልፈሻል» አለች ስልኩን ዘግታ። «ሂሳቡን ክፈይው።»

«ሐሳቤን ለወጥኩ» አለች ኬልሲ። «አልገዛም።»

«ትቀልጃለሽ እንዴ!» ሃርላን ቱግ አለ። «ድሮም አላማረችኝም! በይ ቨርና፣ ጠመንጃዬን ስጪኝ፤ ሌላ ገዢ አላጣም።»

ቨርና ጠመንጃውን አንስታ ከኋላዋ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ከመሳቢያው አዲስ ቅጽ አወጣች።

«መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ለባለቤቱ ሲመለስም ባለቤቱ ይጣራል። ተቀመጥ፣ ያው ጥያቄ ነው።»

ሃርላን ብዕሩን ተቀበለ። ስሙን ጻፈ። የፍርድ ቤት እገዳው ጥያቄ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

ኬልሲ በሩ ላይ ደርሳ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች። ጥፍሯን መብላቷን ትታለች።

«እማዬ፣ ጠመንጃውን አስይዤበታለሁ፤ በይ አሁን መስኮቱን ክፈቺና አየር ይግባልሽ።»