አንድ ቃል፣ አንድ ጉንጭ

«ውሃ» ይላታል አባቴ፣ ታናሽ እህቴን። እኔ የታጠበ አንሶላ ታቅፌ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

ሚጡ ብርጭቆውን ወዲያው ታስጠጋለታለች። አንድ ጉንጭ አጠጥታው ግንባሩን ስትስመው በደህናው የፊቱ ጎን ይስቅላታል።

ስትሮክ ከመታው አምስት ወሩ ነው። የማጥበው እኔ፣ የማገላብጠው እኔ፣ ሌሊት ሲያቃስት የምነሳው እኔ። ሚጡ በሳምንት ሁለቴ ሽቶዋን ተቀብታ ብቅ ትልና ከአፉ የምትወጣውን ቃል ሁሉ ጠራርጋ ትሄዳለች። ለእኔ እስካሁን ትንፍሽ አላለም።

«እትዬ፣ አንቺ እኮ ሳይጠይቅሽ ነው የምትሰጪው» ትለኛለች ቦርሳዋን እያነሳች። «የንግግር ሐኪሟ ምን አለች? አንድ ቃል፣ አንድ ጉንጭ። ቃል ካወጣ ወዲያው፣ ካላወጣ ትንሽ ጠብቁ። ካንቺ ጋርማ ምን በወጣው ይናገራል? ዓይኑን ካንከራተተ ሁሉም ይመጣለታል።»

«አባቴ ውሻ ነው እንዴ የማሠለጥነው?»

«ኧረ በስመ አብ! ማን ውሻ አለው? በይ እንደፍጥርጥርሽ» ብላኝ ትወጣለች።

የሚያናድደኝ እውነቷን መሆኑ ነው።

አንሶላውን አስቀምጬ ስጠጋ አባዬ ብርጭቆውን ያያል። እጄ እንደለመደው ቀድሞኝ ይነሳል። እንደምንም እመልሰውና ብርጭቆውን ጭኔ ላይ ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ።

ያየኛል። ከንፈሩ ደርቋል። በደህናው እጁ ብርድ ልብሱን ይመታል፤ ሲቆጣ ድሮም እንዲህ ነው። አስጠብቄው አላውቅም። አባዬ፣ በሞቴ፣ ለእኔም አንዲት ቃል።

አፉ ይከፈታል። አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ይገተራል።

«ሚ...ጡ።»

ብርጭቆውን ግድግዳው ላይ ብፈጠፍጠው ደስ ባለኝ። አምስት ወር ሙሉ! ብነፍገው፣ መናገር ምንም እንደማያመጣለት ይማራል። ብሰጠው ደግሞ፣ ውሃ የሚያመጣው የእሷ ስም እንደሆነ ይማራል። ሐኪሟ ግን ወዲያው ነው ያለችው። ለማኩረፍ እንኳ ጊዜ የለኝም።

አጠጣዋለሁ። ይውጣል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ዓይኑ ይበራል። ያገኘው ነገር ገብቶታል። አሁን ሳይታገል፣ ጥርት አድርጎ፣

«ሚጡ!» ይለኛል።

«አቤት፣ አባዬ።»